ልማዱ ነው

በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም። ለንደን በገባሁ ሰሞን ይህ እፎይታ ሆኖልኝ ነበር፤ ከሐኪሙም፣ ከአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ከአለቃም ጋር በአንድ ቃል መነጋገር ለጀማሪ ይቀላል። የከበደኝ ዘግይቶ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን የተግባር ልምምድ ስጀምር። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ የ68 ዓመት ሰው ፊት አቁመው በስማቸው፣ ያውም በቁልምጫ ስማቸው እንድጠራቸው ነገሩኝ። በትውልድ ቀዬዬ በዋጃ ቢሆን ከሩቅ ሳያቸው ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር የማልፈው። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በስም ይጠራቸዋል፤ እኔም ጠራኋቸው። በሆዴ ግን «አባባ» አልኩ። በዚህ ማስታወሻ ደብተሬም እስከ ዛሬ አባባ ናቸው።

አባባ አይናገሩም። ሲወለዱ ትንፋሽ አጥሯቸው አእምሯቸው እንደተጎዳ መዝገባቸው ላይ ተጽፏል። የዕድሜያቸውን እኩሌታ ያሳለፉት ከከተማ ርቆ በተሠራ፣ መቶዎች በሚኖሩበት ሆስፒታል ውስጥ ነው። አሁን ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ተራ መንደር ውስጥ ተራ ቤት ይኖራሉ፤ የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው ኩባያ፣ መስኮት አጠገብ የራሳቸው ወንበር አላቸው። የሚያጥቧቸውና የሚያበሏቸው ረዳቶች በፈረቃ ይመጣሉ፤ ነርሷ በሳምንት አንዴ ትመጣለች። እኔ ነርሷን እየተከተልኩ የምማር ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ በአውቶቡስ ስመለስ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ዋጃ ገበያ ላይ ሸክም ሲያግዝ የሚውል፣ «አእምሮው ያልበሰለ» የሚባል ሰው ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ እሱ ጎልማሳ ነበር፤ እኔ ከአገር ስወጣ ጺሙ ሸብቷል። አንድም ቀን «አንቱ» ሲባል አልሰማሁም። የሰባት ዓመት ሕፃን እንኳ «አንተ፣ ና ይቺን አንሳ» ይለዋል። ክፉዎች ሆነን አይደለም። በዓል ሲሆን ያላበላው ቤት አልነበረም፤ ብርድ ሲመጣ ጋቢ የሚሰጠው አያጣም። ግን ዕድሜው ስንት ቢደርስ ለኛ ያው ልጅ ነበር። ይኸው አሁንም ስጽፍ «እሱ» ብዬ ጻፍኩ። ከአባባ በዕድሜ ብዙም የሚያንሱ አልነበሩም። እሳቸው ልበል።

የትምህርቴ ስም በአማርኛ በደንብ አይገባም። እዚህ «ለርኒንግ ዲስኤቢሊቲ ነርሲንግ» ይሉታል። እኛ በጽሑፍ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» እንላለን፤ በመንደር ደግሞ «ዘገምተኛ»፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ። በብሪታንያ ነርስ መሆን የሚፈልግ ሰው ገና ሲመዘገብ ከአራት መስክ አንዱን ይመርጣል። የአዋቂዎች፣ የሕፃናትና የአእምሮ ጤና አለ፤ አራተኛው ይህ ነው። ይህን ሥራ ራሱን ችሎ እንደ አንድ የነርስነት ዘርፍ የያዙት በዋናነት ብሪታንያና አየርላንድ ናቸው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት፣ 4,600 ሰዓት ነው፤ ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ሰው ዘንድ። እማዬ ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ታዲያ መርፌ መውጋት መቼ ነው የሚያስተምሩሽ?» ትለኛለች። መርፌም አለ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም፣ ሆድ ላይ በተተከለ ቱቦ መመገብም አለ። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ሕመሙን መናገር የማይችል ሰው ሲያመው ማወቅ፣ ካወቁ በኋላ ደግሞ የማያምን ሐኪም ፊት ቆሞ ማሳመን።

እማዬ ብቻ ሳትሆን እዚህ ያሉ ሐበሾችም ከአእምሮ ሕመም ጋር ያምታቱታል። የአእምሮ ሕመም ማንንም በየትኛውም ዕድሜ ሊያገኘው ይችላል፤ ታክሞም ሊሻለው ይችላል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት በልጅነት ይጀምርና ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። መድኃኒት የለውም፤ የሚያስፈልገው ድጋፍ ነው። አገራችን ግን ብዙ ቤተሰብ ሁለቱንም ይዞ የሚሄደው ወደ አንድ በር ነው፤ ወይ ጸበል፣ ወይ ሼህ ቤት፣ አቅም ያለው ደግሞ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል።

እኔ ወደዚህ ትምህርት የመጣሁት ብዙዎቻችን በምንጀምርበት በኬር ሥራ በኩል ነው። ባለቤቴ ወደሚኖርበት ከመጣሁ በኋላ ለዓመታት ሽማግሌዎችን አጥቤያለሁ፤ አልጋ አንጥፌያለሁ። ልማር ስል «የአዋቂውን ተማሪ፤ ሥራ የሚገኘው እዚያ ነው» ያላለኝ የለም። መንግሥት ከ2020 ጀምሮ ለእንግሊዝ ነርስ ተማሪዎች በዓመት የማይመለስ 5 ሺህ ፓውንድ ይሰጣል፤ እንደኔ የሰው እጥረት ያለበትን መስክ ለመረጠ 1 ሺህ ይጨምርለታል። እንዲያም ሆኖ የሚመጣ ተማሪ ጥቂት ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ዘግተዋል። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ውስጥ በ2009 ከ5 ሺህ በላይ የነበሩት የዚህ መስክ ነርሶች ዛሬ 3 ሺህ ገደማ ናቸው። በመላው ብሪታንያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ውስንነት እንዳለበት ስሰማ ቁጥሩ ያሳዝነኛል። እኛ ክፍል ስንሰበሰብ አንዲት ጠባብ ክፍል አትሞላም፤ የአዋቂዎቹ ግን አዳራሽ አይበቃቸውም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አባባ ጉንጫቸውን በጥፊ መምታት ጀመሩ። ጧ! ጧ! ቁርስ ላይ ማንኪያውን በእጃቸው ገፉት። አንዱ ረዳት፣ ቅን ሰው ነው፣ አይቷቸው «እንዲህ ያደርጋሉ» አለ፤ ቃል በቃል ሳይሆን እንደ ስሜቱ ብተረጉመው «ልማዳቸው ነው» ማለቱ ነበር። ነርሷ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ «ከመቼ ጀምሮ?»

ሰውየው አሰበ። ከሰኞ ነው። ቀድሞስ? ቀድሞ የሚመቱት ጭናቸውን ነበር፤ ያውም ሙዚቃ ሲደሰቱ። ነርሷ ዲስዳት የሚባለውን ቅጽ አወጣች። ቅጹ የሚነሳው ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ የሕመም ምልክት የለም ከሚል ነው። ስለዚህ ሰውየው ደህና በሆነ ጊዜ ፊቱ፣ ድምፁ፣ እጁ፣ አቀማመጡ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይጻፋል፤ ሲከፋው የሚታየው ከዚያ ጋር ይተያያል። የአባባ ቅጽ ላይ «ደህና ሲሆኑ ያንጎራጉራሉ» ይላል። «ካንጎራጎሩ ስንት ቀን ሆናቸው?» አለች። ማንም መልስ አልነበረውም። ተንበርክካ፣ ዓይናቸው ትይዩ ሆና፣ ጣቷን በራሷ ጉንጭ ላይ አድርጋ ካሳየቻቸው በኋላ አፋቸውን እንዲከፍቱ ጠበቀች። ልብ በሉ፣ ጠበቀች ነው ያልኩት፤ በሰዓቴ አሥራ አንድ ደቂቃ። በስተጀርባ፣ በቀኝ በኩል ያለው ድድ አብጦ መግል ይዞ ነበር። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተወስደው ተነቀለላቸው። በአራተኛው ቀን ስመጣ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ያንጎራጉሩ ነበር፤ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ነርሷ ስለ አባባ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ያስለቀሰኝ ወንድሜ ነበር።

*

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ወደ መቀሌ የሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች ቆላ ናት። በምዕራብ የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ ክረምት ሲሆን ከዚያ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ማሳችን ውስጥ እናስገባለን። ዝናቡ እኛ ዘንድ ባይጥልም ደጋ ከጣለ ማሽላችን ይጠጣል። ማሽላው ሰው ያስረዝማል ይባላል፤ ደጋሊት የሚባለው በተለይ ፈረስ ከነጋላቢው ይደብቃል። ወተት መቋጠር ሲጀምር ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ ወፍ ነው፤ ግን አንድ ወፍ ብሎ ነገር የለም፤ ደመና ሆኖ ይመጣና አንድ ማሳ ላይ ካረፈ እስከ ማታ ምንም አይተርፍም። ለዚህ ነው ማሳ መካከል ማማ የሚሠራው፤ ለዚህ ነው ወንጭፍ የሚገመደው።

ወንድሜ በ1981 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ማጅራት ገትር በመላ አገሪቱ በወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ በኛ በኩል ጦርነትም ስለነበረ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና አልተገኘም። ሕይወቱ ተረፈ። ቃላቱ ግን አልተመለሱም። ከበሽታው በፊት «እማ»፣ «ውሃ»፣ «በሬ» ይል እንደነበር እማዬ ትናገራለች። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው የነበረው ድምፅ አንድ ነው፤ «ሃይ!»። ለወፉም ሃይ፣ ለእንጀራውም ሃይ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስም ሃይ። እኛ ግን በድምፁ ውፍረትና ቅጥነት የትኛው ሃይ እንደሆነ እንለይ ነበር።

ማማ ላይ የሚደርስበት አልነበረም። ሌላው ጠባቂ ወፍ ካረፈ በኋላ ነው የሚወነጭፈው። ወንድሜ ግን ግሪሳው ገና አየር ላይ ሳለ፣ ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቅ ነበር። ጭቃ አድቦልቡሎ በፀሐይ ያደረቃቸው ጥይቶቹ ከእግሩ ሥር በረድፍ ይደረደራሉ። ወንጭፉን ሦስት ጊዜ ያሾራል፤ ከዚያ ጅራፍ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ ደመናው ተሰንጥቆ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ይዞራል። ጎረቤቶቻችን ለዚህ ያኮርፉን ነበር፤ ኋላ ግን በተራ በተራ እየለመኑ ወሰዱት። ከንጋት እስከ ዓይን መያዣ አይወርድም። ምሳውን እንኳ በገመድ ስበን ነበር የምናቀብለው። ሲናደድ ወይም ሲከለከል የአውራ ጣቱን ሥር ይነክሳል፤ ከመደንደኑ የተነሣ ቆዳው እንደ ተረከዝ ሆኖ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ እኔ ደሴ ለትምህርት ነበርኩ። እማዬ ከሱቅ ስልክ ደወለች። «እጁን ይነክሳል፤ ከማማው ወርዶ ተኝቷል» አለችኝ። ፈተና ነበረብኝ። «ልማዱ ነው እማዬ፣ ነገ ይተወዋል» አልኳት።

በማግሥቱ ወደ አንድ ሕክምና ቦታ ይዛው ሄደች። ያየው ባለሙያ እጁ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አይቶ ያንኑ ቃል ነገራት፤ ልማዱ ነው። ማስታገሻ ሰጥቶ መለሳቸው። በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተነፋ። በአይሱዙ ጭነው ወደ ወልድያ ሲወስዱት መንገድ ላይ አለፈ። አንጀቱ ታጥፎ እንደነበር ኋላ ላይ ነገሯቸው። በጊዜው ቢደረስበት በቀዶ ሕክምና የሚዳን ነገር ነው። ዕድሜው 19 ነበር።

ለብዙ ዓመት በልቤ የከሰስኩት ያንን ባለሙያ ነበር።

*

በሁለተኛው ዓመት መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ሐረግ ጻፈች፤ ዲያግኖስቲክ ኦቨርሻዶዊንግ። ዋናው ጉዳት ጥላውን ጥሎ ሌላውን ሕመም መሸፈኑ ማለት ነው። ሰውየው ጮኸ? ውስንነት ስላለበት ነው። ራሱን መታ? ውስንነቱ ነው። መብላት አቆመ? ያው ነው። መምህራችን ቀጥላ የኦሊቨር ማክጎዋንን ታሪክ ነገረችን። ኦሊቨር በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ይዞት ነበር፤ ቀላል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኦቲዝምና የሚጥል በሽታ ነበረበት። በ2016 ጥቅምት ውስጥ ብሪስቶል ላይ በሚጥለው በሽታ ምክንያት ሆስፒታል ገባ። ከዚህ ቀደም እንዲህ ዓይነት የአእምሮ መድኃኒት እንዳልተስማማው እሱም ወላጆቹም ተናግረው ሳለ ኦላንዛፒን ተሰጠው፤ አእምሮው አብጦ በ18 ዓመቱ ሞተ። እናቱ ፓውላ ማክጎዋን ዝም አላለችም። በእሷ ውትወታ በ2022 በወጣው የጤናና እንክብካቤ ሕግ መሠረት በእንግሊዝ ያለ የጤና ተቋም ሠራተኛ ሁሉ ስለ አእምሮ ዕድገት ውስንነትና ስለ ኦቲዝም እንዲማር ግዴታ ሆነ፤ ሥልጠናውም በልጇ ስም ይጠራል።

ማጅራት ገትር የሚለውን ስሰማ እጄ ብዕር መያዝ አልቻለም። የቀረውን የሰማሁት ከሩቅ ነው። እዚህ በየዓመቱ የሞቱትን እየመረመሩ ሪፖርት ያወጣሉ። በ2021 ውስንነቱ ካለባቸው ሟቾች ከ10 ስድስቱ ያህል 65 ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሞቱት፤ በሌላው ሕዝብ ይህ የሚደርሰው ከ10 በአንዱ ላይ ነው። ከሞቶቹ ግማሽ የሚጠጋው፣ 49 በመቶው፣ ሊቀር ይችል የነበረ ነው ተብሏል። ገዳዮቹ እንግዳ በሽታዎች አይደሉም፤ ሳንባ ምች አለ፣ የሚጥል በሽታ አለ፣ የሆድ ድርቀት እንኳ አለ። ስካንና ላቦራቶሪ ሞልቶ በተረፈበት አገር ሰው በ«ልማዱ ነው» ይሞታል።

ያን ዕለት ማታ የወንድሜን ነገር በዲስዳት መንገድ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። እጁን መንከሱ በእርግጥ ልማዱ ነበር። ከማማው በቀን መውረዱ ግን ወፍ መጠበቅ ከጀመረ ወዲህ ተደርጎ አያውቅም። እማዬ ሁለቱንም ነግራኛለች። ያልተማረች እናቴ ምልክቱን አንድም ሳትስት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኝ፣ እኔ የሰማሁት እኩሌታውን ነው። ባለሙያው የነገሩን ግማሽ ነው የያዘው፤ ስለ ማማው ማን ነገረው? እኔ ግን ማማውን አውቀው ነበር።

*

አንድ ቅዳሜ ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ቴዲንግተን ወዳለው የላንግደን ዳውን ሙዚየም ሄድኩ። ዳውን ሲንድረም ስሙን ያገኘው ከሐኪሙ ከላንግደን ዳውን ነው። ኧርልስውድ የሚባለው፣ ውስንነቱ ያለባቸው ሰዎች ትልቅ መኖሪያ ኃላፊ ሳለ በ1866 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሥሩ ያሉትን ነጭ እንግሊዛውያን እንደ መልካቸው በዘር ከፋፈላቸው። አንዱን ወገን ሞንጎላዊ አለው፤ ይህ ስም ለመቶ ዓመት ያህል ተጣብቆ ቆየ። የዓለም ጤና ድርጅት የተወው በ1965 ሞንጎልያ ከጠየቀች በኋላ ነው። ከክፍሎቹ አንዱን ደግሞ «ኢትዮጵያዊ» ብሎታል፤ በዘመኑ አነጋገር ጥቁር ሕዝብ ለማለት ነው። የአገሬን ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሳገኘው ደነገጥኩ። ሰውየው ለታማሚዎቹ ደግ እንደነበር፣ በዱላ ፈንታ ሙያና ቲያትር እንዳስተማራቸው ይታወቃል፤ በ1868 ያቋቋመው የኖርማንስፊልድ ቤት የራሱ ቲያትር ቤት ነበረው። ደግነትና መናቅ አንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ግን የገበያውን ሰው «አንተ» ስንል ከኖርነው ከኛ በላይ ማን ያውቃል።

አንድ መርከብ ፊት ረጅም ጊዜ ቆምኩ። የሠራው ጄምስ ሄንሪ ፑለን ነው። በ1835 ተወለደ፤ ጆሮው አይሰማም፤ የሚናገረው ቃል በጣት የሚቆጠር ነበር። በ15 ዓመቱ ገደማ ተቋም ገብቶ በ1916 እስኪሞት ከተቋም ኑሮ አልወጣም። ግሬት ኢስተርን የተባለችውን የዘመኑን ግዙፍ መርከብ በ3 ሜትር ገደማ ርዝመት ለመሥራት ሰባት ዓመት ፈጀበት። 5,585 ማያያዣ ምስማሮቿን፣ 13 የነፍስ ማዳኛ ጀልባዎቿን፣ የውስጥ ወንበርና ጠረጴዛዋን ሁሉ ራሱ ነው የቀረጸው። መጀመሪያ ውሃ ላይ ስትወርድ ሰጠመች፤ አውጥቶ አስተካከላት። እንዲህ ያለ እጅ ባለው ሰው ላይ 66 ዓመት የግቢ ኑሮ ተፈረደበት። ከዚያም በ1913 የወጣው ሕግ ሺዎችን እንዲሁ ከየቤታቸው አውጥቶ በየግቢው አስገባቸው። ኧርልስውድ የተዘጋው በ1997 ነው። ግቢዎቹ ቢዘጉም ነገሩ አላበቃም፤ በ2011 ቢቢሲ በዊንተርበርን ቪው ሆስፒታል ታካሚዎች ሲደበደቡ በስውር ካሜራ ቀርጾ አሳይቷል፤ 11 ሠራተኞች ተፈርዶባቸዋል። ወንድሜ የትም አልተዘጋበትም። በጥቅምት ፀሐይ፣ ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ፣ የሠፈሩን እህል የሚጠብቅ ሰው ነበር። ይህን ደግሞ ከእንግሊዞቹ ጋር ስነጋገር አልደብቀውም።

ከሙዚየሙ ወጥቼ ለእማዬ ደወልኩላት። «ወንጭፉ የት ነው?» አልኳት። «ማገሩ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ የት ይሄዳል?» አለች።

አገር ቤት ስላለው ነገር እዚህ ያሉት መምህሮቼ ይጠይቁኛል። ስለ ዘሚ የኑስ እነግራቸዋለሁ። ልጇ ኦቲዝም ያለበት እናት ናት፤ ከአሜሪካ ተመልሳ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በየጓዳው የተደበቁ፣ አንዳንዴም የታሰሩ ልጆች እንዳሉ በአደባባይ ተናገረች። በ2021 እስክታርፍ ድምጿ አልዛለም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ፍቅር ብሔራዊ ማኅበርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። የኛ ራያ ቆላ ግን ከነዚህ ሁሉ ሩቅ ነው። ዋጃ ላይ ልጇን ይዛ የምትመጣ እናት መጀመሪያ የምታገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ነው። በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ አሉ። እኔ ለአገሬ የምመኘው ነገ ጠዋት ይህ ዲግሪ እንዲከፈት አይደለም። እነዚህ ሴቶች የአባባ ነርስ ያነሣቻትን ያችን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ ነው።

መከላከሉም በእነሱ እጅ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ አዮዲን ስንማር፣ ሊከላከሉት ከሚቻለው የአእምሮ ጉዳት ዋናው መንሥኤ የእርጉዝ እናት የአዮዲን እጥረት እንደሆነ ሰማሁ። ከደጋ ወርደው ገበያችን የሚመጡ እናቶች ታዩኝ፤ አንገታቸው ላይ እንቅርት፣ ወይም እንቅርት እንዳይወጣ ተብሎ የተነቀሱት ንቅሳት። ከአፋር በኩል በግመል የሚመጣውን ጨው እየበላን አድገናል፤ አዮዲን የሚባል ነገር አልነበረበትም። ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የማጅራት ገትሩ አዲስ ክትባትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዘመቻ ተሰጥቷል። ወንድሜ ሃያ አምስት ዓመት ዘግይቶ ቢወለድ ኖሮ እያልኩ ማሰብ ልምድ ሆኖብኛል።

ባለፈው ነሐሴ እማዬ ደወለችልኝ። ጎረቤታችን ዳውን ሲንድረም ያለባት የ11 ዓመት ልጅ አለቻት። «ያንቺ ትምህርት ለዚች ልጅ ምን ይበጃታል?» አለችኝ። እዚህ የሆስፒታል ፓስፖርት የሚባል ነገር አለ። ሐኪም ቤት ሲኬድ የሚያዝ ወረቀት ነው፤ በትራፊክ መብራት ቀለም ይከፈላል። ቀዩ ላይ ያለዚህ አትንኩኝ የሚባለው ይጻፋል፤ ቢጫው ላይ ለኑሮዬ የሚያስፈልገኝ፤ አረንጓዴው ላይ የምወደውና የምጠላው። «ባንዲራችንን ገልብጣችሁት ነው» አለች እማዬ። ጥያቄዎቹን በቴሌግራም በድምፅ ላክሁላት። ማታ ቡና ላይ ከልጅቱ እናት ጋር ተቀምጠው መልሱን እየተነጋገሩ፣ ዘጠነኛ ክፍል የሆነችው የአክስቴ ልጅ በደብተር ወረቀት ጻፈችው። ፎቶውን ልካልኝ እኔ ጋ አለ። ቀዩ በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ «የልብ ሕመም አለባት። በግራ ጆሮዋ በኩል ተናገሯት። መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት በእናቷ ክንድ ላይ አሳዩዋት።» አረንጓዴው ላይ፤ «ጥንቅሽ ትወዳለች። ውሻ ትፈራለች። ሶለል ሲጨፈር ከሁሉም ቀድማ ናት።» ከዚያ ቀዩ ላይ፣ ጠርዙ ላይ ተጣቦ፣ እማዬ በኋላ ያስጨመረችው አንድ መሥመር አለ፤ «ሲያማት አታለቅስም። መዝፈን ትተዋለች።»

ወረቀቱን ከክትባት ካርዷ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው አስቀመጡት።

በጥቅምት እማዬ እንደገና ደወለች። ልጅቱ ትኩሳት ይዟት ጤና ኬላ ወስደዋት ነበር። ወረቀቱን ሰጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት አለች እማዬ፤ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። ልጅቱን ሳትነካ ወደ እናቷ ዞረች።

«ምን አለቻት?» አልኳት።

«መዝፈን ያቆመችው ከመቼ ጀምሮ ነው አለቻት።»